የኮሪያው ሜዳይ እንደ ጽሑፍ፦ ከግዳይ ፉከራ ወደ ዘማችነት

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ በኮሪያ ለተሰለፉ ወታደሮች የሚሰጥ አንድ ሜዳይ አቋቋመ። ሜዳዩ በቅርጹ ለሁሉም አንድ ነው። ፊቱ የድርጅቱን ዓርማ ይዟል፤ ጥብጣቡ በቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመሮች የተሸለመ ነው፤ ከላይ ባለው ዘንግ ላይ የኮሪያ ስም ተቀርጿል፤ በጀርባው ደግሞ ባለቤቱ የድርጅቱን ቻርተር መርሖች ለመከላከል ያገለገለ መሆኑን የሚናገር አጭር ጽሑፍ አለ። ልዩነቱ ከቋንቋው ላይ ነው። ለግሪኩ በግሪክኛ፣ ለቱርኩ በቱርክኛ፣ ለታዩ በታይኛ፣ ለፊሊፒንሱ በታጋሎግ ሲቀረጽ፣ ለኢትዮጵያዊው በአማርኛ ተቀረጸ። ኢትዮጵያም ለዚሁ ዘመቻ የራሷን የኮሪያ ሜዳይ አውጥታ ለዘማቾቿ ሰጥታለች። ስለዚህ አንድ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ በደረቱ ላይ ስለ አንድ ጦርነት የሚናገሩ ሁለት ምስክሮች ነበሩት፤ አንዱ የዓለም ድርጅት፣ ሁለተኛው የገዛ መንግሥቱ።

የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ነገር የሚያዩት እንደ ማስረጃ ነው፤ ሰብሳቢዎች ደግሞ እንደ ጌጥ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው። ሜዳይ ጽሑፍ ያለበት ነገር ነውና ይነበባል፤ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ተናጋሪ አለው፣ አድማጭ አለው፣ የሚለውና የማይለው ነገር አለው። በቃል ግጥማችን ውስጥ የጦር ሜዳ ሥራ የሚነገርበት የቆየና የዳበረ ዘውግ፣ ማለት ፉከራና ቀረርቶ፣ ስላለን ይህ አዲስ «ዘውግ» ከዚያ ጋር ሲገናኝ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ከቃላቱ እንጀምር። ኒሻን ከፋርስ ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ በኩል የተጓዘ ቃል ሲሆን መሠረታዊ ፍቺው «ምልክት» ነው። በአማርኛ ሁለት ትርጉም ይዞ ቀርቷል፤ አንደኛው የሚተኮስበት ዒላማ፣ ሁለተኛው ከደረት ላይ የሚውለው የክብር ምልክት። የሁለቱ በአንድ ቃል መገናኘት ቀልድ የሚያስወራ ቢሆንም ነገሩ የምልክትነት ጉዳይ ነው። ሜዳይ የሚለው ከፈረንሳይኛው አነጋገር የመጣ ሲሆን ከጣሊያንኛው የወረስነው ሜዳሊያ ኋላ ስፖርቱን ሁሉ ጠቅልሎ ወስዶታል። በቤተ መንግሥቱ አጠቃቀም ኒሻን ከፍ ያለውንና በደረጃ የተከፋፈለውን ይመለከታል፤ የሰሎሞን ማኅተም፣ የኢትዮጵያ ኮከብ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን እንደሚባለው። ሜዳይ ግን ብዙ ሰው በእኩልነት የሚቀበለው ነው። የዘመቻ ሜዳይ የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ከዘመቻው ቦታ መገኘትን እንጂ ምን ያህል እንደ ሠሩ አይጠይቅም።

ይህ ነጥብ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በቀድሞው ሥርዐት የጦር ሽልማት ከግዳይ ጋር የተቈራኘ ነበር። ወታደሩ ግዳዩን ከጌታው ፊት ይጥላል፤ ይፎክራል፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የማን አሽከር እንደ ሆነና በየትኛው ውጊያ ምን እንደ ሠራ በራሱ አፍ ይናገራል። አብረውት የተሰለፉት እዚያው ቆመው ይሰማሉና ውሸት ቢጨምር የሚያፍረው ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ እንደ ሥራውና እንደ ጌታው ደግነት ለምድ፣ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ሰይፍ ወይም የብር ቢተዋ ይሸለማል። ሽልማቱ የተነገረው ነገር ማኅተም ነው። ጎፈሩ ዝም ቢል ፉከራው ይናገርለታል፤ ፉከራው ደግሞ በእያንዳንዱ ግብር ላይ ይታደሳል። እንግዲህ በዚህ ሥርዐት ተናጋሪው «እኔ» ነው፤ ጌታው አድማጭ ነው።

ሜዳዩ ግን ይህን ገለበጠው። አሁን የሚናገረው መንግሥት ነው፤ ወታደሩ ዝም ብሎ ይለብሳል። በሜዳዩ ጀርባ ላይ የሰውየው ስም የለም፤ የወደቀ ጠላት ቍጥር የለም፤ ተራራው አልተጠቀሰም። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ የሚሰጥበት ጊዜ ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ዓ.ም. ያለው ነው። የተኩስ አቁም ስምምነቱ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በጉብታው ላይ ሌሊቱን በጨበጣ ሲዋጋ ያነጋና ከስምምነቱ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በዘብ የቆመ ሰው አንድ ዓይነት ሜዳይ ይቀበላሉ ማለት ነው። ይህን ለአንድ የድሮ ፎካሪ ብንነግረው ምን ይል ነበር? እኔ እንደምገምተው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎም ይቈጣል።

ይሁን እንጂ ለውጡ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ የተሰጡት የአርበኞችና የስደተኞች ሜዳዮች መንገዱን ጠርገውታል። የአርበኛው ሜዳይ በጥብጣቡ ላይ ዘንባባ ይጨመርበታል፤ ዘንባባው የሚቈጥረው በዱር የታለፉትን ዓመታት ነው። «ባለ አምስት ዘንባባ» የሚለው አነጋገር አምስቱን የመከራ ዓመታት በሙሉ በዱር በገደል ያሳለፈ ማለት ሆኖ በቋንቋችን ተቀምጧል። ያልገደለም ሆነ አሥር የገደለ፣ ከጸና ዘንባባውን ያገኛል። እንዲህ በማለት ሽልማቱ ከግዳይ ቈጠራ ወደ ጽናት ቈጠራ ተሸጋገረ። «አርበኛ» እና «ስደተኛ» የሚሉት ቃላትም የሜዳይ ስም በመሆናቸው ሰው ሁሉ ራሱን የሚመድብባቸው የማኅበራዊ ኑሮ ክፍሎች ሆኑ። ኮሪያ ሦስተኛ ቃል ጨመረች፤ «ዘማች»።

ዘመተ የቆየ ግስ ነው። ነገር ግን «የኮሪያ ዘማች» ሲባል ቃሉ አዲስ ነገር ይዟል፤ አገሩ ያልተነካበት፣ ባሕር ተሻግሮ ለሌላ ሕዝብ የተዋጋ ሰው። ባሕር ተሻግሮ መዝመት በታሪካችን ከቶ አልነበረም ለማለት አይደለም። የዐፄ ካሌብ የየመን ዘመቻ በስድስተኛው ምእት ዓመት የተደረገ ነው። ይሁንና ያ የንጉሥ ዘመቻ ነው፤ የሚታወስበትም ስም የንጉሡ ነው። የአክሱም የድል ጽሑፎችን፣ ለምሳሌ የዒዛናን ሐውልቶች ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው እዚያ የሚናገረው «እኔ» ንጉሡ ራሱ ነው፤ ምርኮውንና ከብቱን እየቈጠረ። ወታደሩ ቍጥር እንጂ ስም የለውም። በሌላ በኩል በቅኝ አገዛዝ ዘመን ከኤርትራ ለኢጣሊያ ተቀጥረው ሊቢያ የተዋጉት አስካሪዎች ባሕር ማዶ ዘምተዋል፤ ይህንንም ገብረ ኢየሱስ ኃይሉ በትግርኛ ልብ ወለዱ «ሓደ ዛንታ» በመራር ሁኔታ አሳይቶታል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1927 ተጽፎ በ1950 ታተመ። ለባዕድ ጌታ በባዕድ ምድር የሚዋጋን ሰው ባዶነት ለማየት ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ልብ ወለዱ በታተመ በዓመቱ የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ ተነሣ።

የሻለቃውን ስም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። በፈረስ ስም መጠራት የመኳንንቱ ወግ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ይህን ወግ በ«ቼ በለው» ሰብስበው አቆይተውልናል። አሽከሩ ሲፎክር በጌታው ፈረስ ስም ይፎክራል። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ ወደ ኮሪያ ለሚሄደው ሻለቃ የአባታቸውን የፈረስ ስም ሲሰጡት፣ ከሺህ የሚበልጠውን ወታደር በአንድ ጊዜ የራስ መኰንን አሽከር፣ የዐድዋም ወራሽ አደረጉት ማለት ነው። ከዘመናዊው ሜዳይ ጎን የቆመው ይህ ስም ከአሮጌው ሥርዐት የመጣ ነው። በስሙ ፉከራ አለበት፤ በሜዳዩ ፉከራ የለበትም። የቃኘው ወታደር በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ቃሉም ራሱ ጥሩ ቃል ነው። «ቃኘ» ዞሮ ተመለከተ፣ ሰለለ፣ የጦርን አዝማሚያ አየ ማለት ሲሆን፣ በገና ወይም ክራር ለሚመታው ደግሞ አውታሩን አስማማ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ቅኝት፣ ቃኚና ቅኝ ግዛት ወጥተዋል። ሥርዋጽ ይሁንብኝና፣ ሻለቃው በኮሪያ ስሙ የተነሣው ከሁሉ ይልቅ በሌሊት ቅኝት መሆኑ ስም አውጪዎቹ ያላሰቡት መገጣጠም ነው።

ወደ ዘመቻው ስንመለስ፣ ጦርነቱ የጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። አንደኛው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. «ጄኔራል ማክሬ» በተባለች የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ቡሳን ወደብ ደረሰ። የዘማቹ ጦር የበላይ ኃላፊ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ሻለቃው የተመደበው ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ሲሆን፣ ተከታዮቹ የቃኘው ሻለቆች እየተተኩ ዘምተዋል። በውጊያው ጊዜ የተሰለፉት ከ3,500 በላይ ናቸው። የሞቱት 121፣ በሌላ ዝርዝር 122 ሲሆኑ የቈሰሉት 536 ናቸው። የተማረከ የለም። የሙታኑ አስከሬን ወደ አገሩ በመመለሱ ዛሬ በቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የመቃብር ስፍራ የኢትዮጵያዊ መቃብር አይታይም። አንደኛው ቃኘው የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የጦር ክፍል ክብር ተቀብሏል፤ ይህም ሽልማት የሚሰጠው ለክፍሉ በጠቅላላ እንጂ ለአንድ ሰው አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ለምን ዘመቱ? መልሱ በሜዳዩ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ እዚህ ላይ የትርጕም ጉዳይ ይመጣል። የድርጅቱን ስም አማርኛ የተረጐመው «የተባበሩት መንግሥታት» ብሎ ነው። በእንግሊዝኛው ያለው ቃል ከመንግሥት ይልቅ ወደ ሕዝብና ወደ ብሔር የሚያደላ ሆኖ ሳለ እኛ መንግሥትን መርጠናል። ይህ ምርጫ ከበፊቱ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የተወረሰ ነው። ያንን ማኅበር ደግሞ ኢትዮጵያዊ አይረሳውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ ጋራ ደኅንነት ተማጥነው ሳይሰሙ የቀሩት በእርሱ ጉባኤ ፊት ነው። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ አንዲት አገር ተወረረች ሲባል ጦር የላኩት ያን ጊዜ የተነፈጉትን መርሕ በሥራ ለማሳየት መሆኑ ከፖለቲካው ስሌት ጋር ተደርቦ የሚታይ ነው። ከአሜሪካ ጋር የነበረውን ወዳጅነት፣ የጦር መሣሪያና የሥልጠና ፍላጎትን፣ በዚያው ወቅት በድርጅቱ ይመከርበት የነበረውን የኤርትራን ጉዳይ ወደ ጎን ብንተው ታሪክ እንበድላለን። ነገር ግን ስሌት ነበር ብሎ የ1928ን ቍስል መካድም ሌላ በደል ነው። እንግዲህ «መርሕ» የሚለው ደረቅ ቃል በአማርኛው ሜዳይ ጀርባ ላይ ሲቀረጽ ለቱርኩ ወይም ለኮሎምቢያው ያልነበረው ክብደት ነበረው። ከሜዳዮቹ ሁሉ የእኛው ቃል የሚበልጥ ታሪክ ይሸከማል ብዬ ብናገር አድልዎ አይመስለኝም።

ወታደሩ ራሱ ግን ይህን ቃል አነበበው? ማንበቡስ ይቅርና፣ «የቻርተር መርሕ» ብሎ የሚፎክር ማን ነው? ጥያቄው የፌዝ አይደለም። ፉከራ የሚቆመው በስምና በቦታ ነው፤ በመርሕ አይፎከርም። ስለዚህ የኮሪያው ጀግንነት በጽሑፍ ቀድሞ የወጣው በሌሎች ቋንቋ መሆኑ አያስደንቅም። ግሪካዊው ኪሞን ስኮርዲሌስ ስለ ቃኘው የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1954 ቶኪዮ ላይ አሳተመ። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 ባወጣው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በግንቦት 1945 ዓ.ም. የሆነውን የኢትዮጵያውያን ቅኝት በአድናቆት ተረከ። የማርሻል አተራረክ ማን የት እንደ ቆመ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደ ወደቀ አንድ በአንድ የሚነግር ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሜዳዩ የተወውን ዝርዝር ማርሻል መልሶ አመጣው፤ ፉከራው ይሠራ የነበረውን ሥራ የባዕድ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ሠራው። የአማርኛ ልብ ወለድ ለአምስቱ ዓመት ወረራ የሰጠውንና ለኮሪያ የሰጠውን ቦታ ሳነጻጽር የኋለኛው እጅግ አነሰ ባይ ነኝ።

በአማርኛ ኮሪያ ይዛ የቀረችው አንዲት የጽሑፍ ዘውግ አለች፤ በጥናት ክፍሎቻችን ከቍም ነገር አንቈጥራትም እንጂ። እርሷም በቀብር ላይ የምትነበበው የሕይወት ታሪክ ናት። «ከአባታቸው ከ... ከእናታቸው ከ...» ብላ ጀምራ፣ ትምህርትንና ሥራን አልፋ፣ ወደ ሽልማቱ ስትደርስ ቃሏ እንደ ዝማሬ ይደረደራል፤ የኮሪያ ዘመቻ ሜዳይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ፣ የረጅም አገልግሎት ሜዳይ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ይታያል። ሜዳዩ ስም አልነበረውም ብያለሁ፤ የሕይወት ታሪኩ ግን ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ያገለገለበትን ክፍል መልሶ ያያይዝበታል። የፉከራው ቅደም ተከተል ማለት ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ ራሱ አለመናገሩ ነው፤ የሚናገርለት ጎረቤቱ ወይም የዕድሩ ጸሐፊ ሲሆን አድማጩም ለቀስተኛው ነው። ተማሪዎቼ ፉከራ ለመሰብሰብ ወደ ገጠር ሲወጡ እዚሁ በከተማው አብያተ ክርስቲያናት ግቢ የሚነበቡትን ወረቀቶች እንዲሰበስቡ የምወተውታቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሜዳይ መንግሥት የሚናገርበት ከሆነ፣ መንግሥት ሲናወጥ ወይም ሲለወጥ ንግግሩ ምን ይሆናል? የኮሪያ ዘማቾች ይህን ሁለት ጊዜ አይተውታል። የመጀመሪያው ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። የቃኘው ወታደሮች የተመረጡበት ክቡር ዘበኛ በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሣ። የክቡር ዘበኛ አዛዥ ሆነው የኮሪያውን ጦር መርጠውና አሰልጥነው የላኩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት ጋር ተገደሉ። ሙከራው ሲከሽፍ ክቡር ዘበኛ ተበታተነ፤ ብዙዎቹ ታሰሩ። በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተሸለመ ደረት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተነሣ ደረት ሆነ። በዚያው ወቅት የጠቅል ብርጌድ፣ ይህም የፈረስ ስም ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ነበር፤ ኋላም እነ ከበደ ገብሬ እዚያው የድርጅቱን ጦር በጠቅላላ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። አንዱ መንገድ ወደ እስር ቤት፣ ሌላው ወደ ዓለም አቀፍ አዛዥነት ወሰደ።

ሁለተኛው 1966 ዓ.ም. ነው። ደርግ ወደ ሶሻሊስቱ ጎራ ሲገባ ሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነች። የዘማቹ ሜዳይ አሁን «በወንድም አገር» ላይ የተሰለፈ መሆኑን የሚመሰክር ጽሑፍ ሆነ፤ ከደረት ወርዶ ወደ ሣጥን ገባ። ጽሑፉ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ አንባቢው ተለወጠ። በ1977 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና የቆመው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያውያን እርዳታ የተሠራ ነው። በዚያው ግቢ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ አለ። ኩባም ባሕር ማዶ ለተዋጉ ወታደሮቿ የዓለም አቀፍ ተዋጊ ሜዳሊያ ትሰጥ ነበር። ለእኛ ምድር የሞተ ኩባዊ በአደባባይ ሐውልት ሲቆምለት፣ በባዕድ ምድር የተዋጋ ኢትዮጵያዊ ሜዳዩን ይሸሽግ ነበር። ሁለቱም ወታደሮች ባሕር ተሻግረው ስለ አንድ መርሕ እንዲዋጉ የታዘዙ ናቸው። የኩባውን ክብር አልነፍግም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን የዝምታው ክብደት ይሰማኛል።

ለደቡብ ኮሪያውያን ጽሑፉ እንደ ተከፈተ ቆይቷል። በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያውያን ሐውልት በግንቦት 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ የመታሰቢያ አዳራሹ በ1999 ዓ.ም. ተጨመረ። በአዲስ አበባም በአፍንጮ በር በ1990ዎቹ መጨረሻ መታሰቢያ ቆሟል። የኮሪያ መንግሥት ለአረጋውያኑ በክብር የሚሰጠው ሜዳሊያ «የሰላም አምባሳደር» ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቈም። አምባሳደር የሚናገር ሰው ነው፤ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ላከው። ዘማቹ ከአባ ቃኘው አሽከርነት ወደ መርሕ ተከላካይነት፣ ከዚያም ወደ ሰላም አምባሳደርነት ሲተረጐም ሦስቱንም ስም ሌላ ሰው ነው ያወጣለት። ምስጋናው የታመነ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ቃሉን ግን አልወደድሁትም። የተኮሰንና የተተኮሰበትን ሰው ጠመንጃውን ነጥቆ ወረቀት ያስይዘዋል።

ራሳቸው ዘማቾቹና ጎረቤቶቻቸው ያወጡት ስም ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ዘማቾቹ የሰፈሩበት መንደር ኮሪያ ሰፈር ይባላል። በሜዳዩ ዘንግ ላይ በፊደላችን የተቀረጸችው ያቺው አንዲት ቃል ናት። ሜዳዩን አይቶ የማያውቅ፣ ጦርነቱም መቼ እንደ ነበር የማይጠይቅ ወጣት በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ሆኖ «ኮሪያ ሰፈር ወራጅ አለ» ይላል።